ስለ ወይዘሪት ጁልያ ሞርጋንና ስላነጸቻቸው ሕንጻዎች

የግንበኛ ሥራ በሁለት መንገድ ይመረመራል። አንደኛው የተመልካች ዐይን ነው፤ ሁለተኛው ግን መከራ ነው። ዐይን ያመሰገነውን ቤት መከራ ሊያፈርሰው ይችላል፤ በመከራ ተፈትኖ የቆመውን ቤት ግን ዐይን ቢዘገይም ማመስገኑ አይቀርም። ይህንን በግልጥ የሚያስረዳ ታሪክ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማና በጎረቤቷ በኦክላንድ ይገኛል። ታሪኩም በካሊፎርኒያ በሕንጻ ጥበብ ከሴቶች ሁሉ ቀድማ ፈቃድ የተቀበለችው የወይዘሪት ጁልያ ሞርጋን ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ስለ ትምህርቷ

ጁልያ ሞርጋን በ1872 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ከባሕሩ ሰላጤ ማዶ ባለችው በኦክላንድ ነው። በበርክሌ ባለው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናን ትምህርት ተምራ በ1894 ዓ.ም. ተመረቀች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ይህን ትምህርት መማሯ እንግዳ ነገር ስለ ነበረ፥ አብረዋት የተማሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ ለማለት ይቻላል።

ከዚያም በኋላ የሕንጻን ጥበብ ከሥሩ ለማወቅ ፈልጋ ወደ ፓሪስ ተሻገረች። በፓሪስ የነበረው ኤኮል ዴ ቦዛር የተባለው ስመ ጥሩ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ዓ.ም. ድረስ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። በሩ በተከፈተ ጊዜ እርሷ ለመግቢያው ፈተና ቀረበች፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተፈትና አልተሳካላትም። ተስፋ ሳትቈርጥ ለሦስተኛ ጊዜ በ1898 ዓ.ም. ተፈተነች፤ ያን ጊዜም ከ376 ተፈታኞች መካከል 13ኛ ሁና ገባች። ትምህርት ቤቱ ዕድሜው 30 ዓመት የሞላውን ተማሪ ስለማያቈይ፥ ቀኑ ሳይደርስባት ለመጨረስ ሌሊትና ቀን ደከመች። በ1902 ዓ.ም. የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች፤ ከዚያ ትምህርት ቤት በሕንጻ ጥበብ የምስክር ወረቀት ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት እርሷ ናት። ወደ አገሯም ተመልሳ በ1904 ዓ.ም. የካሊፎርኒያን የሥራ ፈቃድ አገኘች፤ በሳን ፍራንሲስኮም የራሷን ቢሮ ከፈተች።

ስለ ደወሉ ቤትና ስለ ምድር መናወጥ

በዚያው በ1904 ዓ.ም. በኦክላንድ በሚልስ ኮሌጅ ግቢ፥ ያን ጊዜ የሴቶች ትምህርት ቤት በነበረው፥ 10 ደወሎች የሚሰቀሉበት ከፍታው 22 ሜትር ያህል የሆነ ግንብ አሠራች። ግንቡ የተሠራው በአርማታ ነው። በዚያ አገር አርማታ ገና አዲስ ነገር ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች አላመኑበትም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 18 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጋት ላይ፥ ምድር በብርቱ ተናወጠች። ከመናወጡም በኋላ የተነሣው እሳት ሳን ፍራንሲስኮን ብዙ ቀን አቃጠላት። 3,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 28,000 ያህል ቤቶች ጠፉ፤ ከ200,000 የሚበልጥ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። የደወሉ ግንብ ግን ሳይፈርስ ቆሞ ተገኘ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የግንቡን አሠሪ ስም ጠየቀ።

ግንቡ ስለምን ቆመ? ምክንያቱ ይህ ነው። ድንጋይና ጡብ ሸክም ከላይ ሲጫናቸው ብርቱዎች ናቸው፤ ሲሳቡና ሲጐብጡ ግን ይሰነጠቃሉ። ምድር በተናወጠች ጊዜ ቤቱን ወዲያና ወዲህ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ሲጨፈለቅ ሌላው ወገን ይሳባል። ብረት ደግሞ መሳብን ይችላል። ሲሚንቶ፥ አሸዋና ጠጠር በውኃ ተለውሶ የብረት ዘንግ በተዘረጋበት ላይ ፈስሶ ሲደርቅ አርማታ ይሆናል፤ ሲሚንቶው መጨፈለቁን፥ ብረቱም መሳቡን ይሸከማል። ይህም የሚረዳው ብረቱ በሚሳበው ስፍራ በልክ ሲቀመጥና ዝገት እንዳይበላው በደንብ ሲሸፈን ነው። ይህን ለመለካት ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ጁልያ ሞርጋንም በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነበር።

በሳን ፍራንሲስኮ ኮረብታ ላይ ያለው ፌርሞንት የተባለው ታላቅ ሆቴል ሊከፈት ሲል እሳቱ ውስጡን አቃጥሎት ነበር። እንዲጠገን ለእርሷ ተሰጠ፤ በ1907 ዓ.ም.ም ተከፈተ። አንዲት ጋዜጠኛ መጥታ ስለ አዳራሾቹ ጌጥና ቀለም ባመሰገነቻት ጊዜ፥ ጌጡ የሌሎች ሥራ እንደ ሆነና የእርሷ ሥራ ሕንጻውን የሚሸከመው አካል እንደ ሆነ ነገረቻት።

ስለ ቀሪው ሥራዋ

ከዚህ በኋላ ሥራዋ በዛ፤ በዕድሜዋም ከ700 የሚበልጡ ሕንጻዎችን አሠራች። ለባለጠጋው ለዊልያም ራንዶልፍ ሄርስት በሳን ሲምዮን ተራራ ላይ ከ1919 እስከ 1947 ዓ.ም. ያሠራችው ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ዛሬ በካሊፎርኒያ መንግሥት ይጠበቃል፤ ሕዝብም ይጐበኘዋል። ይሁን እንጂ ለባለጠጎች ብቻ አልሠራችም። ለወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፥ ከቤተ ሰባቸው ርቀው ለሥራና ለትምህርት ወደ ከተማ ለሚመጡ ልጃገረዶች የሚሆኑ ብዙ ቤቶችን አሠራች። ከእነዚህ አንዱ በሳን ፍራንሲስኮ በቻይናውያን ሰፈር በ1932 ዓ.ም. የተሠራው ነው፤ በኋላም የቻይናውያን አሜሪካውያን ታሪክ የሚታይበት ቤተ መዘክር ሁኗል።

ስለ ራሷ መናገር አትወድም ነበር፤ ሕንጻው ራሱ ይናገር ትል ነበር። በ1951 ዓ.ም. ቢሮዋን ዘጋች፤ በ1957 ዓ.ም.ም ዐረፈች። የአሜሪካ የሕንጻ ጥበብ ሊቃውንት ማኅበር የመጨረሻውን ክብር የወርቅ ኒሻኑን የሰጣት በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከሞተች ከ57 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኒሻኑን ከሴቶች በፊተኛነት ያገኘች እርሷ ናት። ምስጋናው ዘገየ፤ ግንቡ ግን ምስጋናውን ሳይጠብቅ ቆሞ ነበር።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች

መምህር ይህን ታሪክ ሲያስተምር ቃሉን በሥራ ያሳይ። ተማሪዎቹ ከጭቃ ሁለት እኩል ዘንጎች ይሥሩ፤ አንደኛው ጭቃ ብቻ፥ ሁለተኛው ረዥም ጭድ የገባበት ይሁን። ሁለቱ ከደረቁ በኋላ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመው ከመካከሉ በጣት ይጫኑት። ያለ ጭድ የተሠራው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ ጭድ ያለው ግን ቢሰነጠቅም እንደ ተያያዘ ይቈያል። ቤት ስትመርጉ ጭቃውን በጭድ የምታቦኩት ስለዚህ ነው። ጭድ የብረትን ያህል ኃይል ባይኖረውም ምሥጢሩ ተመሳሳይ ነው።

ሽማግሌዎች ደግሞ ይህን ያስቡ። ይህች ሴት ልጅ ሳለች ሒሳብ ለሴት ምን ይረባታል ተብላ ከትምህርት ቤት ቀርታ ቢሆን ኖሮ፥ ያ የደወል ግንብ እርሷ እንዳሠራችው ሁኖ ባልቆመም ነበር። በየመንደሩ ቍጥር የምትወድ፥ በአመድ ላይ ሥዕል የምትሥል ሴት ልጅ አትጠፋም። ወንድሟን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ አባት እርሷንም ይላካት፤ ወደ ፊት የምታንጸው ቤት ማንን ከመከራ እንደሚያድን አይታወቅምና።