“ብርቅዬ” የተባለው የአውሮፕላን ሞዴል ይረክሳል

ዋጃ ማይጨውን ከደሴ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ትገኛለች። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከማይጨው ያፈገፈገውን ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ደብድበዋል። ይህንን ታሪክ በሆቴሉ አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ለማሳየት የሚያስብ የአካባቢው ባለሀብት በአነስተኛ ገንዘብ ሊጀምር ይችላል።

በወረራው የተሰለፈውን ሳቮያ ማርኬቲ 81 ቦምብ ጣይ፣ ኢታሌሪ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ በ1 ለ72 መጠን በፕላስቲክ ሠርቶ ሸጧል። 24 ሜትር የነበረው ክንፍ 33 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በ1 ለ48 ቢሆን ግማሽ ሜትር ይሞላል፤ ወጪውም መደርደሪያውም አብሮ ያድጋል።

ምርቱ የቆመ ሞዴል ዋጋው ይወጣል። ይሁን እንጂ ሞልዱ እስካለ ድረስ ኩባንያው በፈለገው ጊዜ እንደገና ያመርታል፤ ያን ጊዜ “ብርቅዬ” ተብሎ በውድ የተገዛው ሣጥን ይረክሳል። የሳቮያው ሞልድ ራሱ ከሱፐርሞዴል ወደ ኢታሌሪ የተላለፈ ነው። ተገጣጥሞ ቀለም የተቀባው ደግሞ፣ ሠሪው እጀ ወርቅ ካልሆነ በቀር፣ ከታሸገው ያነሰ ያወጣል። በመሆኑም ለእይታ የሚገዛ ሰው እንደገና የተመረተውን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ማጣበቂያውና የዘይት ቀለሙ ተቀጣጣይ በመሆናቸው በአየር ፖስታ አይላኩም። የራያ ቆላ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮትም ቦታቸው አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይለቃል።