አበባ ለጌጥ ብቻ ነውን?

ውኃ ሳይጎድልበት በቀትር የሚጠወልግ ቲማቲም ያጋጠመው ሰው በመጀመሪያ የሚያማው ፀሐዩን ነው። ነገር ግን ተክሉን ነቅሎ ሥሩን ቢመለከት እንደ ዶቃ የተደረደሩ እባጮች ሊያገኝ ይችላል። ይህም ኔማቶድ የተባለው፣ በዓይን የማይታየው የሥር ትል ሥራ ነው።

ለዚህ ጠላት መከላከያ ይሆናል የሚባልለት አንድ አበባ አለ፤ ስሙም የፈረንሳይ ማሪጎልድ ነው። በስሙ ፈረንሳዊ ይምሰል እንጂ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ምእተ ዓመት ነው። በሥሩ ውስጥ የሥር ትሉን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይገኛል። ከዚህም በላይ የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቲማቲም ጋር አብሮ የተተከለ ማሪጎልድ ሊሞኔን በተባለው ጠረኑ የነጭ ዝንብን መራባት እንደሚያዘገይ ገልጸዋል።

እኛ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ነገር ባነበብን ማግሥት ወደ ገበሬው ሮጠን «አበባ ትከል!» ለማለት እንቸኩላለን። ይሁን እንጂ ነገሩን በይፋግና በፎገራ ሜዳ መዝነን እንመልከተው።

ማሪጎልድ የሥር ትልን የሚያዳክመው እዚህም እዚያም አንድ አንድ ሲተከል አይደለም፤ አትክልቱ ከመተከሉ በፊት ለሁለት ወር ያህል መደቡን ጥቅጥቅ ብሎ ሲሸፍን ነው። የፎገራ ገበሬ ግን ሩዙን ሰብስቦ ሳይውል ሳያድር በርብ ውኃ ሽንኩርት ያለማል። በዚህ መካከል ሁለት ወር ለአበባ ስጥ ማለት ገቢህን ስጥ እንደ ማለት ነው። ደግሞም ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት በከረመ ማሳ ውስጥ አብዛኛው የሥር ትል አየር አጥቶ ስለሚያልቅ፣ የአበባውን ሥራ ውኃው ራሱ በከፊል ይሠራዋል።

ስለዚህ የማሪጎልድ ቦታ ሜዳው ሳይሆን ጓሮው ነው። በጎንደር የነጋዴ መንገድ ላይ ጥንታዊ ገበያ በነበረችው በይፋግ፣ ውኃ በማይተኛበትና ቲማቲምና ቃሪያ በየዓመቱ ባንድ ስፍራ በሚተከልበት ጓሮ፣ መደቡን ከፋፍሎ አንዱን በተራ ለአበባው መልቀቅ ብዙ አይጎዳም።

ይህንንም ቢሆን በቅድሚያ መሞከር የሚገባን እኛው ነን። በመኖሪያ ግቢያችን ሁለት መደብ እናዘጋጅ፤ በአንደኛው ማሪጎልድ እናስቀድም፣ ሁለተኛውን ባዶውን እንተወው፤ ከዚያም በሁለቱም ቲማቲም ተክለን፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነቅለን ሥራቸውን እናስተያይ። ገበሬውን ልንመክር የምንችለው ያየነውን ይዘን ስንቀርብ ነው።