የነዳጅ ታንክ ግፊት ሴንሰር፦ ከመቀየሩ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

መኪናው በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ጉልበቱም አልቀነሰም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን ቢጫው የቼክ ኢንጂን መብራት አልጠፋ ብሏል። ስካነር ሲሰካበት ፒ0452 ወይም ፒ0453 የሚል ኮድ ይወጣል፤ የነዳጅ ታንክ ግፊት ሴንሰርን የሚመለከት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሴንሰሩ ይቀየር»። በብዙ መኪኖች ይህ ዕቃ የሚቀመጠው ታንኩ አናት ላይ ስለሆነ ለመቀየር ታንኩን ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል።

ኮዱ ግን የሚናገረው ኮምፒውተሩ ስላነበበው ቮልት ነው። ቮልቱን ያዛባው ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ታንኩ ውስጥ በእርግጥ ያለው ግፊት ሊሆን ይችላል። እነዚህን አራቱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ቅደም ተከተል ብቻ ይፈልጋል።

ታንኩ ለምን ታፈነ?

ቤንዚን ሞተሩ ባይነሳም ይተናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበረው አሪ ሃገን-ስሚት፣ የሎስ አንጀለስን ሰው ዓይን ያቃጥል የነበረው ጭጋግ የነዳጅ ትነትና የመኪና ጭስ ፀሐይ ላይ ተዋህደው የሚፈጥሩት መሆኑን አሳየ። ካሊፎርኒያም ከ1970 ሞዴል ጀምሮ የመኪና ታንክ እንዳሻው ወደ ውጭ እንዳይተነፍስ ከለከለች፤ በዓመቱ ሕጉ መላ አሜሪካን አዳረሰ።

ከዚያ ወዲህ ትነቱ በቱቦ ወደ ከሰል ካኒስተር ይሄዳል፤ ከሰሉም ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ፐርጅ ቫልቭ የሚባለውን ይከፍትና ሞተሩ ትነቱን ስቦ ያቃጥለዋል። በካኒስተሩ በሌላ በኩል ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቬንት ቫልቭ አለ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ስለማይተን የናፍጣ መኪና ይህ ሁሉ የለውም።

ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ መኪኖች ይህ መስመር ሲያፈስ ራሳቸው እንዲያውቁ ተገደዱ። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ማግኘት ነበረባቸው፤ ኋላ ልኩ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወረደ። ይህን ያህል ጥቃቅን ፍሳሽ ለማወቅ ታንኩ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ ነገር አስፈለገ።

ሴንሰሩ ምን ይለካል?

አዲስ አበባ ላይ ግማሹን ጠጥተው የከደኑት የውሃ ፕላስቲክ አዋሽ ሲደርስ ተጨምድዶ ይገኛል። ውስጡ የቀረው የደጋ አየር ነው፤ ከውጭ ያለው የቆላ አየር ይከብድና ይጫነዋል። አብዛኞቹ የታንክ ሴንሰሮች የሚለኩት ይህንኑ የውስጥና የውጭ ልዩነት ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን በአንድ ጎኑ የታንኩን ትነት፣ በሌላው የውጭውን አየር ይነካል፤ ወደ አንዱ በተለጠጠ ቁጥር የሚልከው ቮልት ይለወጣል።

ልኩ እጅግ ትንሽ ነው። የመኪና ጎማ ከ30 ፒኤስአይ በላይ ይነፋል፤ የዚህ ሴንሰር ሥራ ግን በአብዛኛው ከዜሮ ወዲህና ወዲያ ግማሽ ፒኤስአይ በማይሞላ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስካነሩ ግፊቱን በኪሎ ፓስካል ወይም «ኢንች ውሃ» በሚባለው መለኪያ ያሳያል፤ 1 ፒኤስአይ ወደ 28 ኢንች ውሃ ይሆናል።

በተለመደው አሠራር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቬንት ቫልቩን ይዘጋል፣ ፐርጅ ቫልቩን ይከፍታል፤ የሞተሩ ስበት ታንኩ ውስጥ ቀላል ቫክዩም ይፈጥራል። ቀጥሎ ሁለቱንም ዘግቶ ይጠብቃል። ቫክዩሙ ቶሎ ከጠፋ የሆነ ቦታ አየር ይገባል ማለት ነው።

ኮዶቹ ሁለት ወገን ናቸው

ፒ0442፣ ፒ0455 እና ፒ0456 ስለ ፍሳሽ የሚናገሩ ናቸው፤ በአብዛኛው ሴንሰሩ ሥራውን ሠርቶ ነው እነሱ የሚወጡት። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የነዳጅ መሙያው ክዳን ነው፦ እስኪንቋቋ ይጠበቅ፣ የላስቲክ ቀለበቱ መሰንጠቁም ይታይ። ፒ0452 ቮልቱ ከልክ በታች፣ ፒ0453 ከልክ በላይ መሆኑን ይናገራሉ፤ ፒ0451 ንባቡ ከሁኔታው ጋር አለመስማማቱን፣ ፒ0454 ደግሞ ብቅ ጥልቅ ማለቱን። በዚህኛው ወገን ክዳን መቀየር ብዙም አይፈይድም።

አራት ፍተሻዎች

ከሁሉ በፊት፦ ሥራው አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። የኮምፕሬሰር አየር ወደ ታንኩ መስመር አይለቀቅ፤ ቱቦና ቫልቭ ያፈርሳል። ፍሳሽ የሚፈለግበት የጭስ ማሽን እንኳ ከ1 ፒኤስአይ በታች ነው የሚነፋው።

አንደኛ፣ ክዳኑ ይከፈት፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይዙር፤ የስካነሩ ንባብ ይታይ። ታንኩ አሁን ከውጭው አየር ጋር ስለተገናኘ ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ቮልቱ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በብዙ ጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ወደ 1.5 ቮልት ነው፣ በሌሎች 2.5 ገደማ። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ንባቡ ከፍተኛ ግፊት ወይም ቫክዩም ካሳየ፣ ስህተቱ ከሴንሰሩ ወይም ከሽቦው ነው። ዜሮ ካሳየ ግን ሴንሰሩን ለጊዜው ይተዉትና የአየር መግቢያውን ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ የሴንሰሩ ሶኬት ይነቀል። ሦስት ሽቦ አለ፦ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ 5 ቮልት፣ ግራውንድና ሲግናል። በቴስተር ሲለካ 5 ቮልቱ ወይም ግራውንዱ ከጠፋ አዲስ ሴንሰር አያድንም። አረንጓዴ ዝገትም ይፈለግ፤ በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች የክረምት መንገድ ጨው፣ በእኛ አገር ጭቃና የላቫጆ ውሃ ሶኬት ይበላሉ።

ሦስተኛ፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ የስካነሩ ንባብ ይታይ። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ቮልቱ ወደ አንዱ ዳር ይሄዳል፤ እንደ መኪናው ወደ 0 ወይም ወደ 5። ቀጥሎ ሲግናሉን ፊውዝ ባለው ሽቦ ወደ ተቃራኒው ማለትም ወደ 5 ቮልቱ ወይም ወደ ግራውንዱ ማገናኘት ነው። ንባቡ ተከትሎ ከተገለበጠ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ የቀረው ተጠርጣሪ ሴንሰሩ ነው። ካልተገለበጠ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ከሌላ ጋር ተነካክቷል። ይህን ፍተሻ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ይሻላል።

አራተኛ፣ ሴንሰሩ በእጅ ፓምፕ ቀስ ተብሎ ቫክዩም ይሰጠው። ቮልቱ ሳይዘል፣ ሳይቆም፣ ሳይንቀጠቀጥ መከተል አለበት።

ሴንሰሩ እውነቱን ከሆነ

ክዳኑን ሲከፍቱ ለአፍታ የሚሰማ ፉጨት የተለመደ ነው። ታንኩ አየር ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ ግን ወይ ቬንቱ ተደፍኗል፣ ወይ ፐርጅ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ማለቱ የፐርጅ ቫልቩ፣ የማደያው ፓምፕ በየደቂቃው እየቆረጠ ማስቸገሩ የቬንቱ ምልክት ነው። በ2011 ማዝዳ በሰሜን አሜሪካ ወደ 65,000 የሚጠጉ ማዝዳ 6 መኪኖችን የጠራው፣ የቤንዚን ሽታ የሚስበው ቢጫ ሸረሪት በቬንት ቱቦው ውስጥ ድር ስለሚያደራ ነበር፤ ቱቦው ሲዘጋ የሚፈጠረው ቫክዩም ታንኩን እስከ መሰንጠቅ ሊያደርስ ይችላል።

ከሸረሪት ይልቅ የተለመደው ጥፋት የሚሠራው ማደያ ላይ ነው። ፓምፑ ከቆረጠ በኋላ «ጨምርበት» ማለት ፈሳሹን ቤንዚን ወደ ካኒስተሩ ይገፋዋል፤ ከሰሉ የተሠራው ትነት ለመያዝ ስለሆነ ፈሳሽ ያበላሸዋል።

ከፍታና ምርመራ

ብዙ አምራቾች የፍሳሽ ፍተሻው ከ2,400 ሜትር በላይ እንዳይካሄድ ያደርጋሉ፤ አዲስ አበባ በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ተዘርግታለች። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ መኪና እንጦጦ ግርጌ ለወራት ዝም ብሎ ቆይቶ አዳማ ሲወርድ የፍሳሽ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። እንደ ፒ0452 ያሉት የኤሌክትሪክ ኮዶች ግን ከፍታ አይመርጡም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሠርተው ከመጡት ብዙዎቹ ይህ የፍሳሽ ፍተሻ ጭራሹኑ የላቸውም።

በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የጭስ ምርመራ ያለባቸው አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ኮዱን አጥፍቶ በማግስቱ ለምርመራ መሄድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ማጥፋቱ የመኪናውን የራስ ፍተሻ ውጤቶች ሁሉ ይሰርዛል፤ መርማሪው ማሽንም ይህን ያያል። የታንኩ ፍተሻ ከሚዘገዩት አንዱ ነው፤ ሞተሩ አድሮ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ታንኩም ከ15 እስከ 85 በመቶ ገደማ ነዳጅ እንዲይዝ ይፈልጋል። ጥገናው ከምርመራው ቀን ብዙ ቀናት አስቀድሞ ይሠራ።

መብራቱ ሳይቆራረጥ የበራና ኮዱም ከእነዚህ ብቻ ከሆነ፣ የቤንዚን ሽታም ከሌለ ተረጋግቶ መንዳት ይቻላል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ግን የሌላ፣ የከፋ ችግር ምልክት ነው። ጋራዥ ሲሄዱም ታንኩ ከመውረዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የወጣው ኮድ ስንት ነው? ክዳኑ ተከፍቶ ሴንሰሩ ስንት አነበበ? ሶኬቱ ላይ 5 ቮልቱና ግራውንዱ ተገኝተዋል? ሦስቱን በቁጥር የሚመልስ መካኒክ መኪናውን ፈትሾታል፤ መልስ ከሌለው ዕቃውን አይግዙ።