እየበላ የማያድግ ልጅ፦ ተመራማሪዎች በአንጀቱ ውስጥ ምን አገኙ?



በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «የሚበላው አጥቶ ነው» የሚል ነው። ልጁ እየበላ ክብደት ካልጨመረ ደግሞ ጣታችን ወደ እናቱ ይዞራል፤ «በአግባቡ አልመገበችውም» እንላለን። ባለፉት ዓመታት የተካሄደ ምርምር ግን ነገሩ ከዚህ የሰፋ መሆኑን አሳይቷል።

ከማላዊ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 317 መንታ ጥንዶችን እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ተከታትሏል። መንቶቹ እናታቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፣ ማዕዳቸውም አንድ ነው። ሆኖም ከጥንዶቹ 43 በመቶ በሚሆኑት አንዱ ልጅ በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዳ ሌላው ደህና ሆኖ ቆየ። ማዕዱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ተመራማሪዎቹ መልሱን የፈለጉት ሌላ ሰው ሊያየው እንኳ በማይወደው ነገር፣ በልጆቹ ሰገራ ውስጥ ነበር። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ይገመታል። አብዛኞቹ መኖሪያቸው ትልቁ አንጀት ነው። እኛ መፍጨት ያቃተንን ምግብ ይሰባብራሉ፤ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ይሠራሉ፤ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅምም ያለማምዳሉ። ሕፃን ሲያድግ እነርሱም አብረውት ይለወጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ወደ አዋቂ ሰው ይዘት እየተጠጉ ይሄዳሉ።

ናሙናዎቹ ከማላዊ በረዶ ሆነው የተጓዙት በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ፕሮፌሰር ጄፍሪ ጎርደን የሚመሩት ላብራቶሪ አለ። በእንዲህ ዓይነት ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ተማሪ ውሎው ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ብዙዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሚገድላቸው አየሩ በተለወጠ ዝግ ሣጥን ውስጥ ይራባሉ፤ ተመራማሪው እጁን የሚያስገባው በሣጥኑ ግድግዳ ላይ በተገጠመ ጓንት ነው። በሌላ ክፍል ደግሞ ምንም ጀርም የሌለባቸው አይጦች በዝግ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያድጋሉ። ምግባቸው፣ ውኃቸውና መኝታቸው ሁሉ ከጀርም የጸዳ ነው። ጥቂት ባክቴሪያ ሾልኮ ከገባ የወራት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ባክቴሪያ የሌለው አይጥ ባዶ ቤት ማለት ነው፤ ያስገባህበት ባክቴሪያ ምን እንደሚሠራ ለይቶ ያሳይሃል። ከአንዳንዶቹ መንቶች የታመመው ልጅ ባክቴሪያ ለተወሰኑት አይጦች፣ የጤነኛው ባክቴሪያ ደግሞ ለሌሎቹ ተሰጠ። ሁሉም የማላዊ ዓይነት ምግብ በሉ። የታመመውን ልጅ ባክቴሪያ የተቀበሉት ጎልቶ በሚታይ ሁኔታ ክብደት ቀነሱ። ጉዳቱን ያመጣው ደካማው ምግብ ብቻውን ሳይሆን ከባክቴሪያዎቹ ጋር መጣመሩ ነበር።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በሙስሊሞች አገር በባንግላዴሽ ነው። በዋና ከተማዋ ዳካ ያለውን የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ብዙዎቻችን በስም ባናውቀውም ሥራው ቤታችን ገብቷል፤ ለተቅማጥ የምንሰጠው ኦአርኤስ ውጤታማነቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተረጋገጠባቸው ቦታዎች አንዱ ነውና። የማዕከሉ ተመራማሪ ዶክተር ተህሚድ አህመድና የጎርደን ቡድን በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የተጎዱ ሕፃናት የአንጀት ባክቴሪያ ከዕድሜያቸው ወደኋላ የቀረ መሆኑን አሳዩ። አልሚ ምግብ ሲሰጣቸውም ባክቴሪያዎቹ የተሻሻሉት በከፊል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ፦ ልጁንም ባክቴሪያዎቹንም የሚመግብ ምግብ ምንድን ነው? የአካባቢው ሰው የሚያውቃቸው ምግቦች በአይጦችና በአሳማ ግልገሎች ላይ አንድ በአንድ ተሞከሩ። የተመረጠው ድብልቅ መሠረቱ የሽምብራ፣ የኦቾሎኒና የአኩሪ አተር ዱቄት እንዲሁም ያልበሰለ ሙዝ ሆነ። በዳካ ድሃ ሰፈር ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ ያላቸው መካከለኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ወራት ተመገቡት። ሌሎቹ ከሩዝና ከምስር የተዘጋጀ የተለመደ አልሚ ምግብ አገኙ። ሙከራውን 118 ሕፃናት ፈጸሙ። በ2021 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ አዲሱ ምግብ ካሎሪው ያነሰ ቢሆንም ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨመሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማለት ተገቢ ነው። አንደኛው የጠሃራ ጉዳይ ነው። «ሙስሊም ተማሪ እንዲህ ዓይነት ሥራ እንዴት ይሠራል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሰገራ ነጃሳ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ለሕክምናና ለዕውቀት ጉዳይ መንካት የሚያስወነጅል አይደለም፤ ውዱእንም አያበላሽም። ለሰላት ሲቆም ነጃሳ የነካውን አካልና ልብስ ማጠብ ነው የሚጠበቅበት። ልጆቻችን ከሕክምና ምርምር እንዲርቁ ይህ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ጡት ማጥባት ነው። በእናት ጡት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት በብዛት ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ጥቅሙ ግራ ያጋባ ነበር፤ በኋላ የጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ መሆኑ ታወቀ። እናት ልጇን ስታጠባ የልጇን እንግዶችም ታጠባለች ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ማጥባትን መሙላት ለሚሻ የሁለት ሙሉ ዓመት ጊዜ ማስቀመጡን እናውቃለን። አንቀጹ የላብራቶሪ ማስረጃ አይፈልግም፤ እኛም በየጊዜው የሚታረም ጥናትን ከአላህ ቃል ጋር ለማጣበቅ መቸኮል የለብንም። ግን ያ ጊዜ ለልጁ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ማወቅ፣ አባትም የምታጠባ ሚስቱን ቀለብ እንዲያስብ ያደርጋል። አንቀጹ ይህንንም ኃላፊነት ጥሎበታልና።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ የቤት ውስጥ መድኃኒት አይደለም። የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ሽምብራ ተፈጭቶለት ቤት የሚቀመጥ ሳይሆን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ነው። እዚያ የሚሰጠው አልሚ ምግብም ሕይወት ያድናልና አይቋረጥ። ልጇ እየበላ ያላደገላት እናት ካጋጠመችን ደግሞ ከወቀሳ በፊት ልጁን ይዘን አብረናት እንሂድ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።