ልጄ «ፊዚክስን በጃዝ እጫወተዋለሁ» አለኝ፤ ምን ላድርገው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት ሰሞኑን «ልጄ፣ እስቲ አንተ መላ በለኝ» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማረው የበኩር ልጃቸው የማጥኛ ጠረጴዛውን ለኪቦርድ ሰጥቶታል። ሌሊቱን ሲነካካ ያድርና ጠዋት ከክፍል ይቀራል። የመጀመሪያ አልበሙን ሊሠራ ነው አሉ! ስለ ፍቅር ቢሆን እንኳ ደግ፤ ስለ ኤሌክትሮንና ስለ ፕሮቶን፣ ያውም በጃዝ! «አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ እየተሸከምኩ ያሳደግኩት ለዚህ ነው?» ይላሉ እናት። አባት ደግሞ ለኪቦርዱ ገዢ እያፈላለጉ ነው።

ኧረ አትሳቁ! ነገሩ እብደት አይደለም። የክራር ክር ሁለት ጫፉ ታስሮ ሲመታ ያሻውን ድምፅ ሁሉ አያወጣም፤ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና ውጥረቱ የፈቀዱለትን ብቻ ነው። አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም የተፈቀዱለት የኃይል ደረጃዎች አሉት፤ በደረጃዎቹ መካከል አይቆምም። ልጁ ይህን ሰምቶ ዜማ ቢታየው ምን ይገርማል?

«እሺ፣ እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ እንይ። ጅማ የተወለዱት ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ሙዚቃ ሄደ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ኢንጂነሪንጉን ትተው አልቦዘኑም። ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያም ቦስተን ተሻግረው የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ።

ሥራቸው ራሱ ከላቦራቶሪ ሥራ አይለይም። ትዝታ በሉት ባቲ፣ አምባሰል በሉት አንቺ ሆዬ፣ ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። አሥራ ሁለቱን ዝም ብሎ የደረበባቸው ሰው የቅኝቱን ለዛ ያጠፋዋል። እንደ ወጥ ቅመም በልኩ መጨመር አለበት። ኢትዮ ጃዝ ያን ልክ ከመፈለግ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ። ዓለም ሙላቱን በሰፊው ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም አራተኛ ቅጽ ሲወጣና በ2005 ዜማቸው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ውስጥ ሲሰማ ነው። ከመጀመሪያ አልበማቸው እስከ 1998 ቁጠሩት፤ 32 ዓመት! ሙዚቃ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ምግብ አይሆንም።

ስለዚህ ለእናት ያልኳቸው ይህን ነው። አንደኛ፣ አባት ኪቦርዱን አይሽጡት። ልጁ ኪቦርድ በማጣቱ ፊዚክስ አይወድም፤ የሚጠላው እሳቸውን ነው። ሁለተኛ፣ ልጁም ዲግሪውን ይጨርስ። ለአልበሙ የሚሆነው ሐሳብ ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነውና ጠዋት መቅረት ራሱን መስረቅ ነው። ሦስተኛ፣ ኖታና ቅኝት በወጉ ይማር፤ ፊዚክስን በግምት እንደማይሠራው ሁሉ ጃዝንም በግምት አይሥራ። አራተኛ፣ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ዜማ ጨርሶ ለቤተሰቡ ያሰማ። አሥር ጀምሮ አንድ ያልጨረሰ ልጅ ገና ወሬ ላይ ነው።

እናንተስ ወላጆች? ልጃችሁ የማይገባችሁን ነገር ይዞ ሲመጣ «ተው!» ከማለታችሁ በፊት «እስቲ አሰማኝ» በሉት። ከሰማችሁ በኋላ ለመቆጣት ጊዜው አያልፍባችሁም።