የተሰረዘው ዞን ለምን ተመልሶ ይመጣል?

በፕሮግራሚንግ ተማሪዎች መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ምክር አለ፦ «ዲሊት በለው፣ ሚሞሪው ይለቀቃል»። በሲ ፕላስ ፕላስ እውነት ነው። በጃቫስክሪፕት ግን ያው ትእዛዝ አንድን ፕሮፐርቲ ከኦብጀክቱ ላይ ከመንቀል ያለፈ ሥራ የለውም። ሚሞሪ ማስለቀቅ የጋርቤጅ ኮሌክተሩ ድርሻ ሲሆን፣ እሱም ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል የያዘውን ዋጋ አይነካም።

የባሰው ሁለተኛው ወሬ ነው። ቋንቋዎች በአንድ ራንታይም (ኮዳቸውን በሚያስኬድ ሥርዓት) ላይ እስከሄዱ ድረስ መሰረዝ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው ይባላል። አይደለም!

የደቡብ ወሎ ከተሞችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ይታሰብ። መካነ ሰላም፣ ወግዲና አቀስታ እያንዳንዳቸው ኦብጀክት ናቸው፤ «ዞን፦ ደቡብ ወሎ» የሚለውን ከአንድ የጋራ ፕሮቶታይፕ ይወርሳሉ። መረጃ የሚያስገባው ሰው ዓባይን በስህተት ተሻግሮ በመካነ ሰላም ላይ «ዞን፦ ምሥራቅ ጎጃም» ብሎ ጻፈ እንበል። በጃቫስክሪፕት ይህ ሲሰረዝ ዞኑ ባዶ አይሆንም፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው «ደቡብ ወሎ» ብቅ ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰረዝም ጃቫስክሪፕት «እሺ» ብሎ ይመልሳል፤ ዞኑ ግን አሁንም ይነበባል። ፕሮቶታይፑን አልነካውማ።

ፓይተንም ዞኑ በክላሱ ላይ ከተቀመጠ በመጀመሪያው ስረዛ እንዲሁ ያደርጋል። በሁለተኛው ግን ስህተት ብሎ ይጮኻል፤ ከኦብጀክቱ ላይ የሚነቀል ነገር አላገኘም። በሩቢ የኦብጀክት ተለዋዋጭ ከክላስ ዋጋ አይወርስም፤ ከተሰረዘ በኋላ ሲነበብ «ኒል» ይላል፣ ደግሞ ለመሰረዝ ሲሞከር ስህተት ይሆናል። ሉዋ ለዚህ የተለየ ትእዛዝ እንኳ የለውም፤ «ኒል» መመደብ ራሱ መሰረዝ ነው።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ከዶትኔት 4 ጋር ያወጣው የዳይናሚክ ቋንቋዎች ራንታይም እንደ አይረንፓይተን ያሉ ቋንቋዎችን ሲያስተናግድ፣ መሰረዝን እንደ ማንበብና መጻፍ ሁሉ ራሱን የቻለ ጥያቄ አድርጎታል። የኦራክሉ ግራልቪኤምም ጥያቄውን እንደ መልእክት ያስተላልፋል። የፓይተን ኮድ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት ላይ ሲሰርዝ፣ ምን እንደሚነቀል የሚወስነው የኦብጀክቱ ባለቤት ቋንቋ ነው። ካልተቻለ ደግሞ ጠያቂው ቋንቋ እንቢታውን ወደ ራሱ የስህተት ዓይነት ይለውጠዋል። ራንታይሙ እዚህ ላይ ዳኛ ሳይሆን አስተርጓሚ ነው።

የነገሩ ጣዕም ያለው ከዚህ በታች ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሴልፍ ቋንቋ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኦብጀክቶች አንድ ዓይነት ፕሮፐርቲ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይይዛሉ። ስለዚህ አቀማመጡን አንዴ መዝግቦ ለሁሉም ማካፈል ይቻላል። በ2008 ከክሮም ጋር የመጣው የጃቫስክሪፕት ማስፈጸሚያ ቪ8 ይህንኑ ወሰደ፤ ግራልቪኤምም «ሼፕ» ብሎ ይጠቀምበታል። መካነ ሰላምና ወግዲ አንድ ሼፕ ከተጋሩ፣ ራንታይሙ «የሕዝብ ብዛት» የቱ ቦታ እንዳለ አንዴ አውቆ ለሁለቱም በቀጥታ ይደርስበታል። እንደ ታተመ የቀበሌ ቅጽ ማለት ነው፤ ሦስተኛው መስመር የት እንዳለ ለማወቅ ቅጹን ማንበብ አያሻም። ከመካከል አንድ መስመር ሲነቀል ግን ያ ኦብጀክት ከቅጹ ይወጣል። ቪ8 ብዙውን ጊዜ ወደ መዝገበ ቃላት ዓይነት አያያዝ ያዛውረዋል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ንባብ በስም ፍለጋ ይሆናልና ይዘገያል።

«እንግዲያው ዲሊትን ፈጽሞ አትጠቀም» የሚለው ምክር ግን ከልክ ያለፈ ነው። ቪ8 መጨረሻ ላይ የተጨመረው ፕሮፐርቲ ሲሰረዝ ኦብጀክቱን ወደ ቀድሞ ሼፑ ሊመልሰው ይችላል። መዘግየቱም የሚታወቀው ያ ኦብጀክት በተደጋጋሚ በሚሮጥ ኮድ ውስጥ ሲነበብ ነው። የስታንዳርዱ የሩቢ ማስፈጸሚያ ሼፕን የተቀበለው በታኅሣሥ 2022 በወጣው በ3.2 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተለካ ፍጥነት ለዛሬው ሩቢ ማስረጃ አይሆንም። ስሙ እየተጨመረና እየተሰረዘ ለሚኖር መረጃ ጃቫስክሪፕት ከ2015 ጀምሮ «ማፕ» የሚባል መያዣ አለው፤ በእሱ ላይ መሰረዝ የኦብጀክት ሼፕ አያፈርስም።