«የመሰለዎትን ይስጡኝ»

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ መሥሪያ ቤት መግባት ለእኛ ለወጣቶቹ የታወቀ መንገድ ነው፡፡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይነበባል፤ ማመልከቻ ይገባል፤ ፈተና ይጠበቃል፡፡ ሳይቀጠር በሙያው ተማምኖ፥ ከዚህም ከዚያም በውል ሥራ እየተቀበለ ለመኖር የቆረጠ ሰው ግን እንዲህ ያለ የተጠረገ መንገድ አያገኝም፡፡ ዛሬ «ፍሪላንሰር» የሚሉት ይኸንኑ ሰው ነው፡፡ እኔም ከጽሕፈቱ ጎን በትርጉም ሥራ ስለሞከርሁት፥ ያየሁትን ለመሰሎቼ ላውጋ፡፡

በመጀመሪያ ሁለት መቶ የአድራሻ ካርድ አሳተምሁ፡፡ ከስሜ ሥር «ተርጓሚ፥ ጸሐፊ፥ አራሚ፥ አማካሪ» የሚል አስጻፍሁበት፡፡ (ማንን እንደማማክር ያን ጊዜም አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም፡፡) በሠርግም በለቅሶም አደልሁት፡፡ አንዲት አክስቴ ካርዱን አገላብጠው አዩና፥ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ታዲያ የምትቀጠረው መቼ ነው?» አሉኝ፡፡ ስድስት ሳምንት ሙሉ ለሥራ ብሎ የደወለልኝ ሰው አልነበረም፡፡

አስተዳደጋችንም በዚህ አያግዘንም፡፡ «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ጉረኛ ይባላል፡፡ ያው ሕዝብ ደግሞ ዞር ብሎ «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይላል፡፡ በሁለቱ መካከል እንዴት እንደሚኬድ ያሳዩኝ በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ አንድ ራፖር ጸሐፊ ናቸው፡፡

አንድ ቀን ለጉዳይ ሄጄ ከአጠገባቸው ብዙ ቆምሁ፡፡ ባለጉዳይ ግራ ገብቶት ሲመጣ ስለ ችሎታቸው አንዲት ቃል አይናገሩም፡፡ «የውርስ ነው ወይስ የቀለብ?» ብለው ይጀምራሉ፡፡ ሰውየው ይናገራል፤ እሳቸው ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎም የራሱን ነገር አሳጥረውና ቅደም ተከተል አስይዘው መልሰው ይነግሩታል፡፡ ባለጉዳዩ ብሶቱን እንዲያ ጠርቶ ሲሰማው ፊቱ ይፈታል፡፡ ዋጋው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲነገርም ድምፃቸው ዝቅ አይልም፡፡

ቤቴ ገብቼ የቀሩትን ካርዶች ጣልሁ፡፡ አራቱን ማዕረጎች ትቼ «የፍርድ ቤት ውሳኔና ውል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያዝሁ፡፡ ማኅተም የሚያስፈልገው ሰነድ ሲመጣ ፈቃድ ካለው ትርጉም ቤት ጋር ሆኜ እሠራለሁ፡፡ ለልምምድ የተጠቀምሁት ነጋሪት ጋዜጣን ነው፡፡ አዋጁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም፥ እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍኖ አማርኛውን መተርጐም፥ ከዚያም ገልጦ ማመሳከር ይቻላል፡፡ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሥራ ሰባት ስሕተት ድረስ ቆጥሬ መቁጠሩን ተውሁት፡፡ ለሰው የማሳየውን ናሙና ደግሞ ስሞቹን አጥፍቼ ከራሴ የቤት ኪራይ ውል ሠራሁ፡፡

ሥራን አውጥቶ ማሳየት ለትልልቆቹም አልቀረላቸውም፡፡ አፈወርቅ ተክሌ ከሎንዶን ትምህርታቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥዕሎቻቸውን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ አሳዩ፡፡ ከዚያ በኋላ አውሮፓ ሄደው የባለቀለም መስታወት ሥራ ተማሩ፡፡ የአፍሪካ አዳራሽን መግቢያ የሚያስጌጠው 150 ካሬ ሜትር ያህል መስታወት የእሳቸው ሥራ ነው፡፡

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ዋጋ መጥራት ነበር፡፡ አንድ መሥሪያ ቤት የአርባ ገጽ መመሪያ ሊያስተረጉመኝ ጠራኝ፡፡ ኃላፊው «ስንት ነው?» ሲሉኝ፥ አንገቴን ደፍቼ «የመሰለዎትን ይስጡኝ» አልሁ፡፡ ዘጠኝ ሌሊት ሠራሁበት፡፡ የመሰላቸው የምስጋና ደብዳቤ ሆነ፤ ያውም የአባቴ ስም ተሳስቶ፡፡ ተናደድሁ፤ ግን በማን ላይ? ፍርሃቴን ትሕትና ብዬ የሰየምሁት እኔው ነኝ፡፡

ከዚያ ወዲህ ዋጋውን በገጽ እናገራለሁ፤ ቀብድም እቀበላለሁ፡፡ ቀብድ የገበያ ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተጽፏል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፡፡ ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ለሚሠራ ሰው ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አይዘንጋው፡፡ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥሩን ለማያቀርብ ሰው ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጓል፡፡

በቅርቡ እኒያ አክስቴ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መጡ፡፡ ዋሺንግተን ለምትኖረው ልጃቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መላክ ነበረበት፡፡ «ለመሆኑ ስንት ነው የምታስከፍለው?» አሉ፡፡ ያ የድሮው መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አክስት ናቸውና፡፡ «እትዬ፥ ለእርስዎ በግማሽ ዋጋ ነው፤ ከእሱም ግማሹን አሁን፥ ግማሹን ሲያልቅ» አልኋቸው፡፡ ትክ ብለው አዩኝ፡፡ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ብሩን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ፡፡